የመጨረሻው መስመር

ኮምቦልቻ መብራት ሲጠፋ፣ ቀድሞ ዝም የሚል ማራገቢያው ነው፤
ከዚያ ሙቀቱ ነው፣ ከቦርከና ወጥቶ ቢሮ የሚገባው።
ሚዛኑ ላይ የቆመ መኪና፣ ክብደቱ ግማሽ ተጽፎ፣
ሹፌሩ በመስኮት ያየኛል፣ ክርኑን በሩ ላይ ደግፎ፤
ሀረጎን ጉም ሳይሞላው፣ ደሴ ሊገባ የቸኮለ፣
ከኋላውም ሠላሳ ኮንቴይነር፣ ጥሩምባ እያስጮኸ አለ።

እኔም አለኝ አንድ ኮንቴይነር፣ ብረት የሌለው፣ ጎማ የሌለው፣
ዳታቤዝ የሚያድርበት፣ ሰርቨሩ ሆድ ውስጥ ያለው።
«በየትኛው መኪና ይጫናል?» እናቴ ጠይቃኝ ታውቃለች፤
ሳስረዳት አዳምጣ፣ አዳምጣ፣ «እንግዲህ አይክበድህ» አለች።

መብራት ሲመጣ ነው ጉዱ።

ማስጀመሪያው ስክሪፕት ይነሳል፣ ከእኔ በፊት የነበረ ልጅ የጻፈው፣
«አትንኩት» የሚል አንድ ቃል፣ ከአናቱ ላይ ብቻ ያተረፈው።
ሠላሳ ሰከንድ ተኛ ይላል፤ ሠላሳ ሰከንድ ይተኛል፤
ዳታቤዙ ገና ዓይኑን ሲያሽ፣ ፕሮግራሙ በሩን ይመታል፤
የሚከፍት ሲያጣ ይወድቃል፤ ይነሳል፣ ደግሞ ይወድቃል።

ይህስ ባልከፋ። የከፋው፣ በነቃ ቁጥር መወለዱ፤
«አሮጌውን ጣል፣ ከአንድ ጀምር» ማለቱ፣ ይኸው ልማዱ።
ትናንት ሁለት መቶ መኪና መዝኖ፣ ዛሬ አንዱን አያውቅም፤
እንደ አራስ ልጅ ንጹሕ ነው፤ ንጽሕናው ግን አይጠቅም።
ከመጠባበቂያ ቅጂ ስመልስ፣ ስንት ሌሊት ነጋብኝ።

ጦይባ ከጥግ ወንበሯ፣ ካርቦን ወረቀት ታሰናዳለች፤
መብራት ቢኖርም ባይኖርም፣ የሰሌዳ ቁጥር ትጽፋለች።
አንድ ቀን ልብ ብዬ አየኋት፤ ደብተር ስትከፍት አትቸኩልም፤
ጣቷ በገጹ ወርዶ፣ መጨረሻው መስመር ሳይደርስ አትጽፍም።
«ምን ታያለሽ?» አልኳት።
                    «የት እንደቆምኩ ነዋ!
ባዶ ከሆነ ርዕስ አሰምራለሁ፤ ካልሆነ ከቀጣዩ ነው።
ግማሽ የተጻፈ ካለ፣ እሱን ሳልቋጭ ሌላ አልጀምርም።
ይኸው ነው፤ ሌላ ምን አለው?»

ያን ሌሊት ስክሪፕቱን ከፈትኩ። «አትንኩት»ን ቀድሜ ሰረዝኩ።
ሠላሳ ሰከንዱን ነቅዬ፣ በምትኩ ጥያቄ ተከልኩ፦
ነቅተሃል? ዝም ካለ ጠብቅ። ነቅተሃል? ደግሞ ጠብቅ።
«አዎ» ሳይል እንዳትገፋ፤ በሩን ገንጥለህ አትዝለቅ።
ከዚያ ቤቱን ግባና እይ፤ ባዶ ከሆነ መሥርት፤
ሰው ካለበት ግን ጫማህን አውልቅ፣ የነበረውን አትንካበት።

ረቡዕ ሌሊት መብራት ሄደ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተመለሰ።
እኔ ተኝቼ ነበር።
ጠዋት ሎጉን ስከፍት፣ አንዲት አጭር መስመር አለች፤
«ዳታ አለ። አልነካሁም። ቀጠልኩ» ትላለች።
ለጦይባ አሳየኋት። አነበበች፤ ራሷን ነቀነቀች፤
ከዚያ ደብተሯን ከፍታ፣ ጣቷን ወደ ታች አወረደች።