ቀዩ ነጥብ

ሹካውን አነሳ፣ ወደ ጸጉሩ ወሰደ፤
አበጠረበት ቀስ ብሎ፣ እስከ ማጅራቱ ወረደ።
እኔም ዝም አልኩኝ። ማርሊስ አስጠንቅቃኛለች፤
«አትንጠቂው፣ ተይው፣ እጁ ራሱ ይፈልግ» ብላለች።

ጌንት ላይ ኅዳር ነው፤ ሌዬ ወንዝ ጭጋግ ለብሷል፤
የትራሙ ደወል ከታች ጠርቶን አልፏል።

ዋውተር መጽሐፍ ደጓሽ ነበር፣ አርባ ዓመት ሙሉ፤
ቆዳው፣ ክሩ፣ ሙጫው ሲጠራቸው «አቤት» የሚሉ።
ያኔ ዓይኑ ይቀድማል፤ መርፌው ጋ ይደርሳል፤
እጁ እስኪመጣ ድረስ ቦታ ይይዝለታል።

በመጋቢት አንድ ሌሊት ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሰሰ።
አሁን እጁ ይሄዳል፣ ዓይኑ ሌላ ቦታ ነው፤
ማንቆርቆሪያው ሲጮህ መስኮቱን የሚያየው።
አንዳንዴም ዓይን ይቀናውና ስኒውን ያገኛል፤
ያየዋል፣ ያየዋል፣
ምን እንደሚደረግበት ግን ማን ይነግረዋል?

በሆስፒታሉ ምድር ቤት መነጽር አጠለቁለት፤
ካሜራ ያለው፣ ቀጭን ገመድ የተንጠለጠለበት።
ስክሪኑ ላይ ቀይ ነጥብ አለ፣ የዓይኑ ዱካ።
«ሻይ አፍላ» አሉት።
ጠረጴዛው ላይ ምንም የማያገባው መቀስ ነበረ፤
ነጥቡ እሱ ላይ ተቀመጠ፣ እዚያው አደረ።
የሻይ ከረጢቱን በመቀስ ቆረጠው፤
ቅጠሉን በማንኪያ ለክቶ ስኳሩ ውስጥ ጨመረው፤
ከዚያም ፈገግ አለ፣ ሥራውን እንደጨረሰ ሰው።

«ለማነጻጸር» አሉ፣ «ጤነኛ ሰው ያስፈልገናል፤
ባለቤቱ ነሽና፣ ዕድሜሽም ይቀርበዋል።»
አጠለቅኩ። አንድ ስኒ ሻይ! ይሄ ምን ፈተና ነው?
ዓይኔን ጨፍኜ እንኳ በጨለማ የማፈላው።

በኋላ አሳዩኝ።
የኔው ቀይ ነጥብ ስኒው ጋ አልቀደመም፤
ወደ ስኳሩ አልሄደም፣ ከማንኪያው አልገጠመም፤
በግራ በኩል፣ ከጠረጴዛው ማዶ፣ ወንበሩ ላይ፣
ጉልበት ላይ ያረፉ ሁለት እጆች ሲያይ፣ ሲያይ፣
ውሃው ከስኒው ሞልቶ፣ በሰሃኑ ፈሶ፣
ከጠረጴዛው ወርዶ፣ ጫማዬን አርሶ...
«ይሄኛውን አንቆጥረውም» አለኝ ወጣቱ፣ ፊቱ ቀልቶ፣
ወረቀቱን አጥፎ፣ እስኪርቢቶውን ኪሱ ከትቶ።

ማታ መሳቢያውን ከፈትኩ። እንደ ሰው ልብ ሞኝ የለም፤
«ሌላውን ቢረሳ» ብዬ፣ «ይህን እጁ አይስተውም»፣
የአጥንት ማጠፊያውን ሰጠሁት፣ ጫፉ የሳሳውን፣
አርባ ዓመት አውራ ጣቱ ያጎደጎደውን።
ወረቀትም አስጠጋሁለት።

ዓይኑ ወረቀቱ ላይ ቆየ፤ ትንፋሼን ያዝኩኝ፤
ከዚያ ወደኔ ዞረ፤ ስኒዬን አየልኝ፤
እጁም ተከተለ፣ ከመጋቢት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በወጉ፣ በተራው፣
ሻዬን አማሰለልኝ፣ በአጥንት ማጠፊያው።

ጠጣሁት። የቆዳና የሙጫ ሽታ አለው።
«ስኳር ልጨምርልሽ?» አለኝ።
እጁ ጨው ዕቃው ላይ ነው።