ቤት ያልመታ ቤት

ሠላሳ አንድ ዓመት ደብዳቤ አድያለሁ፣
ኮርሊስ ጎዳናን በደጅ በደጁ አውቃለሁ፤
የማን በር ቀዳዳ ጣት እንደሚነክስ፣
የማን ቡችላ ሱሪ እንደሚበጥስ፣
የትኛው ባለዕዳ ሲያየኝ በመስኮት
እንደሚሰወር ሮጦ ከውስጥ ቤት።

ጡረታ ወጣሁ እኔ፣ ቦርሳዬ ግን አልወጣም፤
ወረቀት ካልያዘ ትከሻዬ አይቀናም።
ዘንድሮ የያዝኩት አንድ ገጽ ማመልከቻ፣
ላኪውም እኔ ነኝ፣ አድራሹም እኔ ብቻ፦
«ይህ መደዳ ቅርስ ይባል፣ ደንብ ይውጣለት፣
ማንም ሳያስፈቅድ ግንባሩን አይንካበት።»

ባልቲሞር ቤቷ ጠባብ ነው፣ ትከሻ ለትከሻ፣
አንዱ ግድግዳ ለሁለት መጨረሻና መነሻ፤
ቀይ ጡብ፣ ነጭ እብነ በረድ፣ ሦስት ሦስት ደረጃ፣
ቅዳሜ የሚፈገፈግ፣ የእናቶች ፉክክር ማስረጃ።
ከማዶ ሲያዩት ግጥም ነው፤ ቤት ቤቱን ይመታል፣
አንድ ቤት የጎደለ ለት ስንኙ ይፈታል።

አምና ቁጥር አርባ ሦስትን አፈረሱት።
ማክሰኞ ነበር።
በሩ በነበረበት ሰማይ ቆሞ አየሁ።
የሚስስ ታሊያፌሮን ደጅ ያን ሁሉ ዓመት አንኳኩቼ
አንድ ቀን ያላየሁት መኝታ ቤቷ
በጎረቤቷ ግድግዳ ላይ አደባባይ ወጥቷል፤
ሰማያዊ አበባ ያለበት ወረቀት፣
ዝናብ ይልጠዋል።

«የት ቆየህ?» አለችኝ ኦፌሊያ ጋስኪንስ፣
ፈረመች ቆማ፣ መነጽሯ ሳይደርስ፤
ለሟች ባሏም ደግሞ ልትጨምር ስትል
«ሙት አይቆጠርም» ብዬ እጇን ስከለክል፣
«አርባ ዓመት ገብሯል!» ብላ ዘጋችብኝ፤
ከበሩ ጀርባ ቆማ ስትስቅ ተሰማኝ።

ሦስተኛው ተከራይ ነው፤ «እኔን ምን ሊጠቅም?»
አምስተኛው ያነባል፤ አንብቦ አይፈርም።
ሰባተኛው ፈረመ ሳያነብ፤ እሱንም አልወደድኩም።

ኔሬይዳ ፖርቲዮ፣ አርባ አምስት፣ በሯን ከፍታ፣
የሌሊት ሥራ ልብሷን ገና ሳትፈታ፣
መጋረጃው ሲወዛወዝ በዝግ መስኮት አሳየች፤
«ፕላስቲኩ ርካሽ ነው፤ አዝዣለሁ» አለች።
«ያንተ ደንብ ግን እንጨት ይላል፣ የጥንቱን ይላል፤
ለጡብ አዘናችሁ፤ ለልጄ ሳል ማን ያዝናል?»
ለስንቱ ስንት መልስ ያደረስኩ ሰውዬ
ባዶ እጄን ወጣሁኝ፣ «እመለሳለሁ» ብዬ።

ተመለስኩም። ማመልከቻው ላይ መስመር ጨመርን፦
«ከደንቡ ጋር ለቸገረው የማደሻ ገንዘብ» አልን።
ከአናጺው ዊንደል ጋር መስኮቷን ፈታን፤
ገመዱ ተበጥሶ የወደቀውን ብረት
ከግድግዳው ሆድ ውስጥ ጎትተን አወጣን፣
ሰማንያ ዓመት ያደረ ሚዛን በጨለማ ቤት።
አዲስ ገመድ አሰርን፣ በክፈፉ ዳር ሱፍ፤
በአንድ ጣቷ ገፋችው፤ ሽቅብ አለ እንደ ወፍ።
መጋረጃውም ዝም አለ።
አልፈረመችም። «አስብበታለሁ» አለች።

የምክር ቤቱ ስብሰባ፦ ለሰው ሦስት ደቂቃ፤
የእኔው ጉሮሮ ስጠርግ አለቀ በቃ።
ከኋላ ወንበር ተነሳች፣ በሥራ ልብሷ፣ ኔሬይዳ፤
ድምጿ ቀጭን ነው፣ ግን ይዘልቃል ግድግዳ፦
«የጎረቤቴ ቤት የቤቴ ካፖርት ነበረ፤
ሲያወልቁት አልጠየቁኝም፤ ብርዱ በእኛ ጎን አደረ።
ደንቡን አውጡ። ለማደሻውም ብር ጻፉበት።
አንዱን ብቻ ከጻፋችሁ፣ ስሜ አይኑርበት።»

ውሳኔው በፖስታ ይላካል ተባልን።

እነሆ ቅዳሜ። ከደረጃዬ ላይ እግሬን ዘርግቼ
አዲሱን ፖስተኛ እጠብቃለሁ፤
ልጅ ነው፣ የሚነክሰውን ቀዳዳ ገና አልለየም።
ኔሬይዳ ባልዲ ይዛ ወጥታለች፣
እብነ በረዷን በብሩሽ ትፈገፍጋለች፣ ቀና ብላ አታይም።
እኔ አርባ አንድ፣ እሷ አርባ አምስት፤
በመካከላችን ሣር ያበቀለ
አንድ ቤት ያልመታ ቤት።