ያልገዛሁት

ሰኞ ገበያ ነው፤ ጦሳ ጉም ለብሷል፤
ዘጠነኛው ወሬ ከደጄ ደርሷል።
ሆዴን አስቀድሜ፣ ዘምቢሌን ከኋላ፣
ከሆጤ ተነሳሁ መንገዱ ሳይሞላ።

መጀመሪያ ጨው።
«ጨው ባላደረበት ቤት አራስ አታድርም»
ትለኝ ነበር እማ፤ ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም።
ዛሬ እንዳልጠይቃት አፈር ተጭኗታል፤
ሁለት ኪሎ ገዛሁ፤ ለእኔም ለእሷም ይበቃል።

«የቦሩ ሜዳ ገብስ ነው» አለኝ ባለ እህሉ፤
አንድ ፍሬ ነክሼ «እርጥብ ነው» ብለው
ማለልኝ በሼሁ፣ ማለልኝ በልጁ፣ በዘመዱ ሁሉ።
ከዚያ ሆዴን አየ፤ አየና ዝም አለ፤
ጣሳውን ጢም አርጎ በመዳፉ ጨመረ፣
ደግሞ አንድ መዳፍ፦
«ለአራስ አይሰፈርም» አለኝ «በጎደለ»።

ቅቤ ተራ ቆየሁ። ቅቤ አያስቸኩልም።
በጥፍሬ ጫፍ ወስጄ እጄ ጀርባ ላይ አሸሁት፤
ሙዝ እንዳልገባበት ምላሴ ሲመሰክር ኪሎ ተኩል ገዛሁት።
አብሽ፣ ተልባ፣ ፌጦ፤ ሳሙና፣ ጥጥ፣ ክብሪት፤
ከሰል አንድ ማዳበሪያ።
ውሃ የሚመጣው በአሥር ቀን አንዴ ነው፣ እሱም በሌሊት፣
ስለዚህ ጄሪካን፤ ቢጫ፤ ስድስት።

ሸዋ በር ስደርስ ነው እግሬ የከዳኝ።
ትንንሽ ካልሲዎች ገመድ ላይ እንደ ቋንጣ ተሰቅለው፣
ነፋስ እያማታቸው፣
«ነይ እመቤቴ፣ ለሚመጣው እንግዳ!» ብሎ ልጁ ሲጠራኝ
ዞሬ ጫማ የሚሰፋውን ሰውዬ አየሁ።
መርፌውን አየሁ። ክሩን አየሁ።
ባጃጅ ውስጥ ገባሁ።

ካቻምና ገዝቼ ነበር፤
ቢጫ ኮፍያ፣ የጥንቸል ጆሮ ያለው፣ ከዚሁ ከሸዋ በር፤
አጥቤ፣ ተኩሼ፣ ሳጥን ውስጥ አስቀምጬ ነበር።
ኮፍያው ቤት ገባ።
ራሱ ሳይመጣ ቀረ።

እንድሪስ ከሚሌ ደወለ፣ ሞተሩ እያጓራ፦
«ምን ቀረሽ?»
«ምንም።»
«ለልጁስ?»
ዝም አልኩ። እሱም አልደገመኝም።
ስለ ጭነቱ አወራ፣ ሲሚንቶ ነው አለ፤ ስለ ሙቀቱ አወራ።

እትዬ ብርዛፍ ግን እንደ እንድሪስ አይደሉም።
ከሰሉን አብረውኝ አውርደው፣
እጃቸውን በእኔው ቀሚስ ጠርገው፣
ጓዳዬን በዓይናቸው በረበሩት።
«ገብሱ አለ። ቅቤው አለ። የእሱስ?»
«ሲመጣ ይገዛል።»
«የእኔ ልጅ፣ ሰው ራቁቱን ይመጣል እንጂ ራቁቱን አያድርም፤
እኔ በማርያሜ፣ አንቺም በዱዓሽ፤ ከላይ ግን ጨርቅ አይወርድም»
ብለው ወጡ። በሩን አልዘጉትም።

ማታ መብራት ሄደ።
ሻማ ለኩሼ ከሳጥኑ ሥር የእንድሪስን አሮጌ ሽርጥ አወጣሁ፣
ከመታጠብ ብዛት እንደ ጆሮ ጫፍ የለሰለሰውን።
«አልገዛም» ብዬ ነው የማልኩት፤ «አልቀድም» አላልኩም።
ጫፉን በጥርሴ ይዤ ሳብኩት፤ ትርርር አለ፤
አንድ ቁራጭ፤ ሌላ፤ ሌላ፤ ሆን ብዬ አልቆጠርኩም፣
የሚቆጥር ጆሮ ቢኖር ብዬ፣ ትንፋሼን ውጬ።
ውስጤ ያለው አንዴ በተረከዙ ገፋኝ።
«ዝም በል» አልኩት፤ «ገና ማንም አላወቀም።»

ጨርቆቹን አጣጥፌ ከገብሱ ማዳበሪያ ሥር ከተትኳቸው፤
መጥቶ የሚያይ ካለ የሚያየው እህል ነው።
ከነገ ወዲያ እንድሪስ ገብቶ «ሽርጤስ?» ያለኝ እንደሆን
«ጨው ቋጠርኩበት» እለዋለሁ።