የብሎን መፍቻ

እሁድ ማለዳ ነው፤ መኪና የለበት፣
አስፋልቱ የኛ ነው እስከ አራት ሰዓት።
ትርሲት ካምቦሎጆ በር ላይ ተቀምጣለች፣
የስኬት ጫማዬን ብሎን ታጠብቃለች።
መፍቻ የላትም።
ሜዳሊያዋ አለ፤
ጠርዙ ከአገልግሎት ተሸራርፎ ሾሏል፣
«አንደኛ» የሚለው ጽሑፍ ከፊሉ ጠፍቷል።

ድሮ ትበር ነበር በቸርችል ቁልቁለት፣
ከታክሲ ከላዳ ማን ሊደርስባት!
ፖስታ ቤቱ ደጃፍ በአንድ እግሯ ስትሾር
ትራፊኩ ራሱ ፊሽካውን ይረሳ ነበር።

አንዴ ባሕር ማዶ ላኳት ለውድድር፤
እውነተኛ በረዶ፣ እንደ መስታወት ምድር።
ሁለት ዙር ሾረች።
ሦስተኛው ላይ ጉልበቷ—
ከዚህ በላይ አታወራም።

እኛን የምታስተምረን መጀመሪያ መውደቅ ነው፦
«በጎን! እጅሽን ሰብስቢ!
መሬቱን ለመያዝ አትቸኩዪ፣
የትም አይሄድብሽም።»

ሐምሌ ላይ ግን አንድ ቀን በረዶ ዘነበ፤
አደባባዩ ነጣ፣ ሰው ጥግ ጥጉን ተሰበሰበ።
እሷ ብቻ ቀረች።
በላስቲክ ጫማዋ፣ በዚያ በክፉ እግሯ
አንድ ጊዜ ሾረች።
አንድ ጊዜ ብቻ።

እንዳላየ ሆንኩኝ።
ፀጉሯን እያራገፈች መጣችና
«ቁጭ በይ» አለችኝ፣ «ብሎንሽ ላልቷል።»