መሐለኛው ዓምድ

ቧንቧ ውሃ፣ ከጎማ ቤቱ በላይ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣
መስኮቱን ስከፍተው ጦሳ የለም፣ ሰማይ
የለም፤ ጉም ብቻ ነው መንገዱን የበላው፣
የባጃጅ ጡሩምባ ከሥር የሚሰማው።

አራት ሆነን ቆምን ከግድግዳው ፊት፤
ወንበር መያዝ ነውር፣ ሩብ ሰዓት ናት
የተፈቀደችን። ብንቆይማ ከዚያ
ብርዱ ይነግረናል፣ አያሻም ማስጠንቀቂያ።

ሦስት ዓምድ በጠመኔ፤ «ሊሠራ» ከግራ፣
«ያለቀ» ከቀኙ፣ መሐል «በእጅ ያለ» ሥራ።
በልጥፍ ነበር ድሮ፤ የደሴ እርጥበት
ሙጫውን ልሶት፣ ሲነጋ ብንገባበት
ዕቅዳችን በሙሉ ወለል ላይ ተኝቷል።
ከዚያ ወዲህ የፓስታ ካርቶን በሚስማር ተመቷል፤
ታረቀኝ ሰኞ ሰኞ መስመሩን ይደግማል።

እንዲህ አልነበርንም። ስድስት ወር ጽፈን፣
መቶ ስልሳ ገጽ ዕቅድ በጥራዝ አስረን፣
በማውጫ፣ በሥዕል፣ በማኅተም አሳምረን፣
ኮምቦልቻ ወረድን። አቶ ፈንታው ተቀበለን፤
ሰባት የጭነት መኪና፣ አንድ አሮጌ ደብተር፣
በላብ የራሰ ሸሚዝ። እንደ ሽንኩርት ነገር
በመዳፉ መዘነው፣ ገጹን ሳይገልጠው፤
«ልጆቼ፣ ይሄ ሁሉ ለእኔ ምኔ ነው?
መኪናዬ ሐረጎን አለፈ ወይ? በቃ።
ይቺን ብቻ ንገሩኝ፣ ሌሊት ስነቃ።»

ስንመለስ፣ ሽቅብ፣ ሚኒባሱ ሲታጠፍ፣
ከጥራዙ ጀርባ ላይ አየኋት ዘምዘምን ስትጽፍ፤
ፊደሏ ጠማማ፣ እንደ መንገዱ ራሱ፦
«አለፈ? አላለፈም?» ይኸው የሥራው ምሱ።
የመጀመሪያዋ ካርድ እሷ ነበረች።

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ፣ አንዱን ዘለን ባንዱ፣
ያለቀችውን ይዘን ቁልቁል በመንገዱ።
አንድ ገጽ፣ አንድ ቁልፍ፤ «አለፍኩ» ትላለች።
ቀለም አልመረጥንም፤ ግራጫ ነበረች።
ይስቃል ፈንታው፣ ይቆጣል፣ «ይሄን ጣሉት» ይላል፤
መቶ ስልሳ ገጽ ያልፈታው በአንድ ሻይ ያልቃል።

መሐለኛው ዓምድ ግን አንዲት ካርድ ይዟል፤
«ኔትወርክ ሲጠፋ» የምትል። ጫፏ ተጠቅልሏል፣
የጠመኔው ብናኝ ፊቷን አልብሷታል።
ይመር በየጠዋቱ «ነገ ታልቃለች» ይላል።
አሥራ አንድ ጠዋት፣ አሥራ አንድ ነገ።
እሱም ያውቃል፣ እኛም፤ ግን ማን ጠየቀ?
የወሎ ልጅ የሰው ፊት አይገርፍም፤
ጓደኛው ሲደናቀፍ ዞር ይላል፣ አያይም።
ግድግዳው ግን ያያል።
ግድግዳ ይሉኝታ የለውም።

ማክሰኞ መብራት ሄደ። ስክሪኖቹ ተራ በተራ
ጨለሙ፤ ቀረ ግድግዳው፣ የስልክ ባትሪ ሲያበራ።
የይመር ተራ ደረሰ። «ነ...» ብሎ ጀመረና
ዋጠው። ከታች መዶሻ፣ ከጎማ ቤቱ፣ ተሰማና
ዝም አለ።
«አልገባኝም።
ከሰኞ ወዲህ አይደለም። ከጅምሩም አልገባኝም።»

ስድስት ፊደል ናት። አሥራ አንድ ቀን ፈጀች።

ማንም አልሳቀ። ዘምዘም መቀሷን አነሣች፤
ካርዷን ለሦስት ቆረጠች፣
ትንሿን ለይታ እፊቱ አስቀመጠች፦
«ኔትወርክ ከሌለ፣ ሰዓቱን ስልኩ ይያዝ።» ይኸው ነው።
ወለል ላይ ተቀመጥን፣ በቀረው
አሥራ ዘጠኝ በመቶ፣ አራታችን በአንድ ላፕቶፕ፣
እስኪጠፋ ድረስ።

ዓርብ ገና ሳይነጋ አቶ ፈንታው ደወለ፤
«ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ሐረጎን አለፈ» አለ፤
«መልሼ ተኛሁ።» ዘጋው። ምስጋና የለ፣ ምን የለ።

ይመር ካርዷን ራሱ ነቅሎ ወደ ቀኝ አሻገራት።
ሁለቱ ቁራጮች መሐል ላይ ቀርተዋል፤
ይቅሩ፤ ሰኞም ሌላ ቀን ነው።

ከዚያ የእኔ ተራ ሆነ።
ጉሙ አልተነሣም። ሁሉም ወደ እኔ አየ።
ምላሴ ጫፍ ላይ የነበረው «ሁሉ ደኅና» ነበር።
እጄ ግን ከ«ያለቀ» ሥር፣ ባለፈው ሳምንት
በጭብጨባ የሰቀልኳትን አንዲት ካርድ
ከነሚስማሯ ነቅሎ
መሐል መለሳት።