ሁለተኛ ምስክር

ፔታህ ቲክቫ ሜዳው ላይ፣ ኖራ የማሰምር እኔ ነበርሁ፤
ከቤዝቦል የማውቀው መስመሩን ነው፣ ሌላውን ሳልማር ቀረሁ።
እሱ ከሁሉም ርቆ ይቆማል፣ ሳሩ ካጥሩ በሚገጥምበት፣
እጆቹን ጉልበቱ ላይ ጥሎ፣ መርፌ እንደወደቀበት።

ራዳሜስ ፔጌሮ። አገሩ ሐቶ ማዮር፣ የሸንኮራ አገር፣
ልጁ ሁሉ የጀሪካን ክዳን በመጥረጊያ እንጨት ሲያበርር።
በአሥራ ስድስቱ ፈረመ፤ በፊርማው ገንዘብ እናቱ
የሲሚንቶ ጣራ አወጣች፤ የሁለተኛው ፎቅ ግን ብረቱ
ሰማይ ላይ እንደተቀሰረ ቀረ። ትከሻው ከዳ።
በሃያ ሦስቱ የሁለት መስመር ደብዳቤ፤
ከዚያ ሜክሲኮ፣ ጣሊያን፣ ሌላም ሜዳ፤
ከዚያ እኛ ጋ፣ ለአንድ በጋ።

ይህን የነገረኝ ሾፌራቸው ነው፣ ከአርጀንቲና የመጣ፤
ጨው ሳይነሰንስበት፣ ወሬ ካፉ አይወጣ።

ፌርማታው ላይ እማማ ትርፌ ክንዱን ይዘው ጠየቁት፦
«የማን ልጅ ነህ? ያምቦበር ነህ?» ቁመቱን በዓይን ለኩት።
«ሲ፣ ሲ» አለ፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ጨዋ ልጅ።
«ሲሲ? እሱስ በወልቃይት በኩል ይሆናል እንጅ!»
አሉና ከዘንቢላቸው ሮማን ሰጡት።
በዚያ ማታ ኪሱ ቀልቶ ተጫወተ።

ተመልካቹ አርባ ቢሆን ነው። አንድ ወታደር ጠመንጃውን አቅፎ ይተኛል፤
ልጆቹ ኳስ ሲወጣም ሲወርድም ያጨበጭባሉ፤ ያ ይበቃል።

ነሐሴ ላይ ደመወዙ ቆመ። ከአራቱ መብራት ሁለቱ ጠፋ።
በመጨረሻው ማታ አንዱ መታት፤ ሌሊቱ ኳሷን ውጦ ሰፋ።
እሱ ዞረ። ጀርባውን ሰጥቶን ሮጠ፣
ወደ አጥሩ፣ በተቀደደው በኩል፣ ወደ ባሕር ዛፎቹ።
እኔ የኖራ ጋሪዬን ይዤ እዚያ ነበርሁ።
ያ የከዳ ትከሻ ሲዘረጋ አየሁ፤
ጓንቱ ጧ ሲል ሰማሁ፣ በር እንደሚዘጋ።

ዳኛው ከመብራቱ ሥር ሆኖ ጣቱን ባየር አዞረ፤ አለፈች አለ።
ራዳሜስ አልተሟገተም። ኳሷን ከፍ አድርጎ ለእኔ አሳየኝ፤
አንድ ነገር አለኝ። አልገባኝም።
ገባኝ።

ሊጉ ፈረሰ። ሜዳው ወደ እግር ኳሱ ተመለሰ፤
የእኔም ኖራ አራት ማዕዘን ሆነ።
ሾፌሩ «አገሩ ገብቶ ብሎኬት ይሸጣል» ይለኛል።
ፎቁን ጀመረ ወይ? ብረቱን ቆረጠው?
አልጠየቅሁም።

መዝገቡ ላይ ያቺ ኳስ እንዳለፈች ነው የተጻፈች፤
ኦሪትም በአንድ ምስክር ቃል ነገር አይጸናም ትላለች፤
ሁለት ይሻል፣ ወይም ሦስት።
እንግዲህ አንተ የምታነበው፣ ከአጥሩ ውጪ ጠጋ በል፣
ከጋሪው አጠገብ። ኖራው ልብስህን ይነካው ይሆናል፣ ይራገፋል።
ጨለማ ነው፣ አታይም። ግድ የለም፤
ጆሮህን ስጥ፦

ጧ።