ልክ

አርባ ዓመት ሜትሬን አንገቴ ላይ ጥዬ፣
ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ ስል ውዬ፣
ዛሬ ተራው ደርሶ ተለካሁ እኔም፣
ከማዘጋጃ ቤት ቁልቁል፣ ፎቁ ላይ፣ ሦስተኛው፤ ሊፍት የለውም።

«ይክፈቱ፣ ጋሽ ዘርጋው፣ እስኪያምዎት» አለች፤
ብረት ማስመሪያዋን ከጥርስ እስከ ጥርስ አቆመች።
«ሃያ ሰባት ሚሊሜትር። እስቲ ትንሽ ይጨምሩ።»
ኳ! አለ መንጋጋዬ፣
ዘይት እንደራበው የስፌት መኪናዬ።
«ወደ ግራ ያዘነብላል» አለች አጎንብሳ።
(አውቃለሁ። ያላዘነበለ ትከሻም ሱቄ አልገባ፣ በዚህ በፒያሳ።)

ከዚያ ሽቦ ለጠፈች፣ ሁለት ጉንጬ ላይ፣ ሁለት ጆሮ ግንዴ፣
ማስቲካ ሰጠችኝ፤ «ያኝኩ፣ በቀኝ አንዴ፣ በግራ አንዴ።»
ስክሪኑ ላይ አየሁት፣ ጡንቻዬ ሲወጣ፣ ሲወርድ፤
ግራው ጥቅጥቅ ያለ ዚግዛግ፣
ቀኙ የላላ ስፌት፣ ጨርቅ የማያዛምድ።

«ይበቃል፤ ይረፉ።» አቆምኩኝ።
ግራው ግን አላቆመም፣ ማስቲካውን ተፍቼ ቁጭ ባልኩኝ።
«ምን ነክሰው ነው፣ አባቴ?»

ምን ልበላት?
ክር ነው፣ በጥርሴ ስበጥስ የኖርኩት።
ስፒል ነው፣ ከከንፈሬ ጥግ ሰክቼ ያቆየሁት።
ያ ሻለቃ «ከጨርቄ ቀንሰሃል» ሲለኝ፣ ሰው ፊት፣
አፌን ስፒል ሞልቶት
ልክ ልኩን ልንገረው? እንዴት?

«ልማድ ነው» አልኳት።
ወረቀት ሰጠችኝ፦ ምላስ ላንቃ ላይ፣ ቀስ ብሎ መክፈት፣
በቀን ሦስቴ፣ መስታወት ፊት።

ደረጃውን ወርጄ ታክሲ ጋ ቆምኩኝ።
«አራት ኪሎ! አራት ኪሎ!» ይላል ረዳቱ፣ አፉን በልቅጦ።
በዓይኔ ለካሁት።
ሃምሳ ሙሉ።
የትም ቦታ አይዘውም።